ያለ ዱላ፣ ያለ ጩኸት፦ ሆጤ አካባቢ ያለው የቅዳሜ ማጠናከሪያ

ደሴ ውስጥ ለትንሽ ልጅ ማጠናከሪያ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ሆጤ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ስላለው የቅዳሜ ትምህርት ልንገራችሁ። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት፤ እዚያ ነው የምትማረው። ወላጅ ከኋላ ተቀምጦ ማየት ይችላል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በፊት የምልካት ቦታ በር ላይ አስረክበን ነበር የምንመለሰው። ከውስጥ የሚሰማው "ዝም በሉ!" ብቻ ነበር።

እዚህ ክፍሉ ሲንጫጫ ቲቸር ድምጿን አትጨምርም። ታጨበጭባለች፤ ሁለቴ ቀስ፣ ሦስቴ ፈጠን አድርጋ። ልጆቹ ያንኑ ይመልሱላታል። ጭብጨባው ሲያልቅ ጫጫታው የለም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ትጀምራለች።

ከሁሉ የወደድኩት አጠያየቋን ነው። ብዙ መምህር መጀመሪያ ስም ይጠራል፤ ያልተጠራው ልጅ በዚያው ሐሳቡ ይበራል። እሷ ጥያቄውን ታስቀድማለች፤ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ስም የምትጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተመችው ጥናት አለ። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ።

ይሄን በዓይኔ አየሁት። ባለፈው ቅዳሜ "እንቆቅልሽ!" አለች።

"ምን አውቅልሽ!"

"ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?"

አንዱ "ባጃጅ!" አለ። ማንም እንዲስቅበት አልፈቀደችም። "አብሽር፣ ባጃጅም ነዳጅ ሲያልቅበት ይቆማል" አለችው። ጠበቀች። መስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ "ቦርከና" አለች። ቲቸር "ወንዝ" ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና የዕለቱን ፊደል "ወ"ን ከዚያ ቀጠለች። መልስ ሲጠፋ ደግሞ "አገር ስጡኝ" ትላቸዋለች። ሐይቅን፣ ኩታበርን፣ ከሚሴን ይሰጧታል። የአካባቢያቸውን ከተሞች ሳያውቁት ይማራሉ።

በመደበኛው ትምህርት አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ፀጥ ብሎ አይቀመጥም። እዚህ በየመሀሉ ያስነሷቸዋል፤ ቆርኪ ለቅመው እየቆጠሩ ይደምራሉ።

ቅሬታ አለኝ። አግዳሚ ወንበሩ ለትልልቆች የተሠራ ነው፤ የልጄ እግር መሬት አይነካም። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ መወራጨቱ አይቀርም፤ መምህርቷ የለፋችበትን ወንበሩ ያበላሸዋል። ነግሬያቸዋለሁ፤ እስካሁን አልተቀየረም። ተመዝጋቢውም በዝቷል። የኋላው ረድፍ የቲቸርን ዓይን ማግኘት እየተቸገረ ነው። አንድ ረዳት መምህር ቢጨምሩ ክፍያው ትንሽ ከፍ ቢልም እከፍላለሁ።

ለመመዝገብ ካሰባችሁ ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ይዛችሁ ሂዱና መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጣችሁ እዩ። ጃኬት አልብሱት፤ ክፍሉ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ይቀዘቅዛል።