ሞዓ አንበሳ፦ ጌታቸው መኩሪያ እና ዘ ኤክስ

ሸለላ ያለ ቃል ይሸለላል ወይ ለሚል ሰው መልሱ የጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ቴነር ሳክስፎን ነው። ጀግናው ከጉሮሮው የሚያወጣውን፣ ሲነሳ የሚረዝመውን፣ ሲወርድ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ በነሐስ አስወጡት። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ጋር ያሳተሙት «ሞዓ አንበሳ» የተባለ አልበም ይህን ድምፅ ከሮክ ጊታር ጋር ያጋጥማል፤ ደግሞም ተሳክቶለታል።

ዘ ኤክስ በ1979 የተመሠረተ፣ ሥራውን በራሱ አቅም የሚያሳትም የፓንክ ባንድ ነው። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ወደ ሆላንድ ጋበዘ። ከዚያ በኋላ «አጅቡኝ» ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ይህ ነገር በቅጂው ላይ በግልጽ ይሰማል፤ ባንዱ የቆመው ከሳክስፎኑ ኋላ ነው። አልበሙ የወጣው ጊታሪስቱ ቴሪ ባቋቋመው ቴርፕ በተባለ ማሳተሚያ ነው።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ አምባሰልን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ይሆናል (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ጊታሪስት እንደለመደው ሙሉ ኮርድ፣ ማለትም ብዙ ድምፅ ባንዴ፣ ሲመታበት ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ይገባና ዜማው ይጣፍጣል የተባለው ቀርቶ ይሟሟል። ብዙ የውጭ ባንድ የኢትዮጵያ ዘፈን ሲጫወት የሚበላሽበት ቦታ ይኸው ነው። ቴሪ እና ሌላው ጊታሪስት አንዲ ሙር ግን ኮርድ አይደረድሩም። አጭር ሐረግ ይይዙና እንደ ክራር እየደጋገሙ ይመቱታል፤ ገመዱ ሻካራ ነው፣ ቅኝቱ ግን ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ካትሪና ቦርንፌልድ ድራሙን በከባድ ምት ከማጨናነቅ ይልቅ ከበሮ ከበሮ እንዲል አድርጋ ስለምትመታው ትከሻ ይነቃነቃል። ኮሊን ማክሊን በባስ ጊታር፣ ዮስት ቡይስ በትሮምቦን፣ ብሮዲ ዌስት በአልቶ ሳክስፎን፣ ግዛቪዬ ሻርል በክላርኔት ታክለዋል። ነፋሾቹ ዜማውን አብረው ያነሳሉ፣ ጋሽ ጌታቸው ብቻቸውን ሲወጡ ደግሞ ቦታ ይለቃሉ።

«ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዜማ በዋሊያስ ባንድ አጨዋወት የለመደ ሰው እዚህ ሲሰማው መጀመሪያ ይደነግጣል። የዋሊያሶች ልስላሴ የለም። በምትኩ ያው ሐረግ በጊታር ሲፋቅ፣ ሳክስፎኑ ከላይ ሲያገሳ ይሰማል። የአልበሙን ልክ የሚያሳየው ይኸኛው ነው።

ጉድለቱ ድምፃዊው ጂ. ደብሊው. ሶክ በእንግሊዝኛ የሚገባበት ነው። ሰውየው ባለ ጠንካራ ድምፅ ነው፤ ነገር ግን ሳክስፎኑ ራሱ እየፎከረ ሳለ ሌላ ሰው ደርቦ ሲፎክር ሁለቱ ይሻማሉ። ሸለላ ተቀባይ እንጂ ተሻሚ አይፈልግም።

ተቀባይነቱ ሰፊ ነበር። ከአውሮፓ አልፎ በ2008 ኒው ዮርክ በሊንከን ሴንተር የአደባባይ መድረክ አብረው ተጫውተዋል፤ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተባለውን ሁለተኛ አልበም ጨመሩ። ጋሽ ጌታቸው በ2016 ነው ያረፉት።

አንድ ነገር አደራ፦ በስልክ ስፒከር አትስሙት። የቴነሩ ወፍራም ድምፅ፣ ትሮምቦኑና ባሱ እዚያ ላይ ይጠፉና የጊታሩ ፍጭት ብቻ ይቀራል፤ ጩኸት ነው ብሎ የተወው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሰማው ነው። በደህና ጆሮ ማዳመጫ ወይም ባስ ባለው ቴፕ ይሁን። ለሳክስፎናቸው አዲስ የሆነ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ኢትዮጲክስ ከተባሉት የቆዩ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች 14ኛውን ይስማ፤ የቀድሞ ሥራቸው እዚያ አለ፣ ከዚያ ወደዚህ ሲመጣ ጊታሩ ምን እንደጨመረ ወዲያው ይገባዋል።