ለይቶ ማቆያ የሆነ ሆቴል፦ ዘግይቶ የተጻፈ ግምገማ

ይህ ግምገማ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከአሜሪካ ስመለስ የቆየሁበትን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለለይቶ ማቆያነት ከተመረጡት ሆቴሎች የአንዱን አገልግሎት ይመለከታል። የሆቴሉን ስም አልጠቅስም፤ ሠራተኞቹ ከዚያ በፊት አይተውት በማያውቁት ሥራ ላይ በድንገት የተሰማሩ ስለነበሩ፣ ጥፋታቸውን ከስማቸው ጋር አያይዞ ማንሣት ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። ከዓመታት በኋላ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ መከሰቱና ከታማሚዎች ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ለ21 ቀን ክትትል ይደረግላቸዋል መባሉ ነው። በእኛም ቤት ኳራንቲን፣ ወሸባ፣ ራስን ማግለል የሚሉት ቃላት እንደገና ይነሡ ጀመር።

አገልግሎቱ እንዴት እንደተጀመረ ለማያስታውስ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በተመረጡ ሆቴሎች በራሱ ወጪ ለ14 ቀን እንዲቆይ ተወሰነ። ከዐረብ አገራት የተመለሱ ብዙ ወገኖቻችን የገቡት ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ነበር፤ ስለዚህ የምጽፈው ከፍሎ ስለቆየው ሰው ዕድል ብቻ ነው። የ14 ቀኑ ምክንያት የበሽታው ምልክት በአብዛኛው ቫይረሱ በገባ በአምስተኛው ቀን አካባቢ ቢታይም እስከ አሥራ አራተኛው ሊዘገይ መቻሉ ነው። እንግዲህ የእንዲህ ያለ ሆቴል የመጀመሪያ ግዴታው ጤነኛ ሆኖ የገባው እንግዳ ከጎረቤቱ በሽታ ሳይቀበል እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ በአሥረኛው ቀን በበሽታው የተያዘ ሰው በአሥራ አራተኛው ቢሸኝ ቆጠራው ከንቱ ነውና። እኔም ከአልጋው ምቾት በፊት የማየው ይህን ነው።

በዚህ ረገድ አጀማመሩ ደካማ ነበር። ከቦሌ ያመጣን አውቶቡስ ተሳፋሪዎችን አራርቆ ቢያስቀምጥም፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ተሰልፈን አንዲት ስክሪብቶ እየተቀባበልን ቅጽ ሞላን፤ ከአጠገቧ የተቀመጠውን ሳኒታይዘር የተጠቀመ ግን ጥቂት ሰው ነው። ክፍሉ ከገባን በኋላ ጥንቃቄው ተሻሻለ። መስኮቱ ይከፈታል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ማንም ያላሰበበት ትልቅ ጥቅም ነበር። ምግቡ ከበሩ ውጭ በተቀመጠ ወንበር ላይ በታሸገ ዕቃ ይቀርባል፤ አስተናጋጁ አንኳኩቶ ሁለት በር ያህል ከራቀ በኋላ «ደርሷል!» ብሎ ይጣራል። ችግሩ ለወለሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ መታደሉ ነው፤ ሁላችንም በአንድ አፍታ በር ከፍተን፣ ጭምብል ያደረገውም ያላደረገውም ወደ ጠባቡ ኮሪደር ብቅ እንላለን። ከወራት በኋላ ኒውዚላንድ ውስጥ በለይቶ ማቆያ ሆቴል ጎን ለጎን ክፍሎች በነበሩ እንግዶች መካከል ቫይረሱ ተላልፎበታል የተባለው፣ በሮቻቸው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ልዩነት በተከፈቱበት ኮሪደር አየር ነበር። እኛ ዘንድ የበር እጀታ በአልኮል ሲወለወል ይውላል፤ አየሩን ያሰበው አልነበረም።

ኩሽናውን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። የገባሁት በሰሙነ ሕማማት ስለነበር የጾም ምግብ ጉዳይ አሳስቦኝ ነበር፤ ሽሮው፣ ምስሩና የሱፍ ፍትፍቱ ሳይጓደል ቀረበ፤ ለጸሎተ ሐሙስም ጉልባን መጣልን። በስቅለት ዕለት ምሳው በተለመደው ሰዓት መጥቶ ወንበሩ ላይ ቀዝቅዞ ቀረ፤ ደውለን ስናስረዳ ግን ይቅርታ ጠይቀው ለማታ አዲስ ሠሩልን። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትለን፣ ዶሮ ወጡን ከነእንቁላሉ ለየብቻችን በላን። ረመዳን በዚያው ሳምንት ሲገባ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ሱሁራቸው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይደርሳቸው ነበር፤ የመጀመሪያው ሌሊት ዘግይቶ እንደነበር ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቅሬታ አልሰማሁም። የጀበና ቡና አልነበረም። ይህን ቅሬታ ከዋናዎቹ ጋር አልቆጥረውም፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም።

ሆቴሉ በጣም የወደቀው በመረጃ አሰጣጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ወረቀት «ወደ ለይቶ ማከሚያችን እንኳን በደኅና መጡ» ይል ነበር። ለይቶ ማቆያ ለበሽታው ተጋልጦ ሊሆን ይችላል ተብሎ ለሚጠረጠር ሰው ሲሆን፣ ለይቶ ማከሚያ በምርመራ ለተረጋገጠበት ሕመምተኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሕመምተኛ የሚወሰደው ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ከጎኔ ክፍል የነበሩ አንዲት አዛውንት ወረቀቱን አንብበው ተመርምሬ ተገኝቶብኛል ብለው በረንዳ ላይ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ሊያጽናናቸው የመጣው ወጣት ከበራቸው ርቆ፣ «እማማ፣ አልታመሙም እኮ! ኳራንቲን ነው፤ ወሸባ እንደማለት ነው» አላቸው። «ወሸባማ ከሆነ ምን አለበት፣ አንተ ልጅ ቀድመህ አትነግረኝም!» ብለው ተቆጡት። ወረቀቱ ግን እስከምወጣ ድረስ አልተቀየረም።

የምርመራው ነገርም እንዲሁ ነው። ወደ ማብቂያው ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ፣ ከዘገየም የተጨማሪውን አዳር ማን እንደሚከፍል የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እንግዳ መቀበያው የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «ይደወልልዎታል» የሚል ነበር። ጠዋትና ማታ ሙቀት ለመለካት የሚመጡት የጤና ባለሙያዎች ትሑታን ነበሩ፤ ነገር ግን የሆቴሉ ሥራ ከእነርሱ ሥራ ጋር ስላልተቀናጀ አንዱ ስለ ሌላው ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል።

ክፍያው በቅድሚያ ሲሆን ሦስት ጊዜ ምግብን ይጨምር ነበር። የልብስ አጠባው ግን በተለመደው የሆቴሉ ዋጋ በቁራጭ መታሰቡ አግባብ አልነበረም፤ ወጥቶ የሚያሳጥብበት ሌላ ቦታ የሌለው ሰው ካልሲውን በሆቴል ዋጋ እንዲያሳጥብ ማስገደድ ችግሩን መገበያያ ማድረግ ነው። ብዙዎቻችን በመታጠቢያ ገንዳው አጥበን በረንዳ ላይ ማስጣት ጀመርን፤ አስተናጋጆቹም አይተው እንዳላዩ አለፉን።

እንዲህ ያለ ሥራ ነገም ለሆቴሎች ቢሰጥ፣ ምግቡን ተራ በተራ የሚያድል፣ ወረቀቱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በዐረብኛ በጉልህ ፊደል የሚያትም፣ ስለ ውጤት የሚጠየቅ አንድ ሰው በስልክ የሚያስቀምጥ ሆቴል እመርጣለሁ። ለብቻው ለሚጓዝ ሰው ያ ሆቴል ጥሩ ነበር፤ ልጅ ይዞ ለሚመጣ አልመክርም፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። ለኩሽናው ከአምስት አምስት፣ ለክፍሉ አራት፣ ለመረጃ አሰጣጡ ሁለት፣ ለልብስ አጠባው ዋጋ አንድ ሰጥቻለሁ።