ሽጉጣችሁ እየከሸፈ ካስቸገራችሁ፣ ደሴ ያሉትን ሽማግሌ ጠጋኝ አማክሯቸው

ከአባቴ የወረስኳት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አለች፤ ስድስት ጎራሽ፣ 38 ካሊበር። ፈቃዷ የታደሰ ነው። ችግሯ መክሸፍ ብቻ ነበር። ምላጩን ስትስበው ቀጭ ይላል፣ ጥይቱ አይነሳም። ያንኑ ጥይት ሲደግሙት አንዳንዴ ይተኮሳል። እንዲህ ያለ መሳሪያ ደግሞ ከሌለው ይብሳል፣ ምክንያቱም አለኝ ብለህ ትተማመንበታለህ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ሳይፈታት «ጥይትህ አርጅቷል፣ ቀይረው» ብሎ ሸኘኝ። ተቀየረ። ያው ነው።

ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩት ሽማግሌ ግን ሽጉጧን ባዶ መሆኗን አይተው ወደ ጎን አስቀመጧትና የከሸፉትን ጥይቶች አምጣ አሉኝ። አንዱን አንስተው የቀለሁን ቂጥ ወደ መስኮቱ አዞሩት። «አየህ፣ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ ልሶት ነው ያለፈው። ጎድጎድ ብሎ ተመትቶ ቢከሽፍ ጥይቱን እንጠረጥር ነበር። አብሽር ልጄ፣ ይሄ ከመሳሪያው ነው።» ቀጥለው፣ መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስበህ ስትተኩስስ ይከሽፋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንደዚያ ሲሆን አይከሽፍም። በምላጭ ብቻ ሲሳብ መምቻው ብዙ ወደ ኋላ ስለማይሄድ ጉልበቱ ያንሳል፣ መምቻውን የሚገፋው ሞላ ትንሽ ከላላ መጀመሪያ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው አሉኝ።

የእጀታውን እንጨት ሲያወልቁት ነገሩ ግልጽ ሆነ። እንደ መኪና ባሌስትራ ጠፍጣፋ የሆነውን ሞላ ወጥራ የምትይዘው ትንሿ ብሎን ላልታለች። ምላጩ እንዲለሰልስ ብሎ አንድ ሰው ሆን ብሎ ያላላት ይመስላል፤ ብዙ አሮጌ ሽጉጥ የሚበላሸው በዚህ ነው። ውስጡ ደግሞ የድሮ ዘይት ጠቁሮ ረግቷል። በደሴ ብርድ እንዲህ ያለ ዘይት መምቻውን ያንቀረፍፈዋል። ጠርገው፣ ስስ ዘይት ነክተው፣ ብሎኗን እስከ መጨረሻው አጠበቋት። አንድም ዕቃ አልቀየሩም! መርፌውን አይተው ደህና ነው አሉ፣ ያስከፈሉኝም የእጃቸውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አልከሸፈችም።

ሳልጠይቃቸው የነገሩኝን ደግሞ ሁሉም ባለ መሳሪያ ይስማው። ጥይት ሲከሽፍ ወዲያው አትክፈቱ። ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ።

ቅሬታም አለኝ። ዋጋ አስቀድመው አይናገሩም፣ ደረሰኝ የለም፣ ቀጠሮ አይዙም፤ ወረፋው ላይ ግማሽ ቀን ሊሄድባችሁ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ስትሄዱ ጥይቱን ከሽጉጡ አውጥታችሁ ለብቻው ያዙ። ፈቃዳችሁንም እንዳትረሱ፣ እሱን ሳያዩ መሳሪያ አይነኩም።