የ14 ወር የቀለም መርጫዬና የፋብሪካው ብርቱካን ልጣጭ

መርጫውን በገዛሁ በሁለተኛው ወር አንዲት እናት ቪትዛቸውን ሊወስዱ ወደ ጋራዡ መጡ። የኋላውን ግራ በር የቀባሁት እኔ ነበርኩ፤ ቀለሙ ብርማ፣ የቶዮታ ኮድ 1ኤፍ7። በሩ እንደ መስታወት ያበራ ስለነበር ምስጋና እየጠበቅሁ ቆምኩ። እሳቸው ሁለት ጊዜ ዞረው አዩትና «ልጄ፣ ይህ በር የሌላ መኪና ነው እንዴ?» አሉኝ። ተናደድኩ። ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ ጎንበስ ብዬ የጣሪያውን ረጅም አምፖል ነጸብራቅ በሁለቱ በሮች ላይ አስተያየሁ። በፊተኛው በር ላይ የአምፖሉ ጠርዝ ሞገድ ሞገድ ይላል፤ በእኔ በር ላይ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። ቀለሙ ገጥሟል፤ ቆዳው አልገጠመም። ያ እንደ ብርቱካን ቆዳ ሞገድ ሞገድ የሚለው ገጽ በእኛ ሥራ «ልጣጭ» ይባላል፤ ፋብሪካው የሚተወውን ልጣጭ መምሰል ነበረብኝ።

መርጫው ቻይና ሠራሽ፣ ጽዋው ከላይ የሚገጠም፣ በዝቅተኛ ግፊት ብዙ አየር የሚጠቀመው ዓይነት ነው። አፍንጫው 1.3 ሚሊሜትር ስለሆነ ለቀለምና ለክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ለሚቀባው ግልጽ አንጸባራቂ ሽፋን፣ ይሆናል። ስሙን መጥቀስ ለገዢ አይጠቅምም፤ ያንኑ አካል በአንድ መደርደሪያ ላይ ሦስት የተለያየ ስም ተለጥፎበት አይቻለሁ።

ፋብሪካ ውስጥ ሮቦት በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር በሚሽከረከር ጽዋ ቀለሙን ይበትነዋል፤ ብናኙ በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ላሜራው ይሳባል፤ ከዚያም አካሉ 140 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራል። ፕላስቲኩና ሽቦው የተገጠመለትን መኪና እኛ እንዲህ አንጋግረውም፤ 60 ዲግሪ ካገኘን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ማሽን የሚወጣው ገጽ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። በሮቹ ላይ ልጣጩ ጎላ ይላል፤ ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ክሊሩ ተኝቶ ስለሚረጋ ለስለስ ይላል። ስለዚህ ለበር የተስማማ ልክ ለኮፈን አይሠራም። ይህን ለመቀበል አንድ ሙሉ ኮፈን በብርጭቆ ወረቀት አውርጄ መድገም ነበረብኝ።

ልጣጭ ለማውጣት መጀመሪያ ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ እጄን አራቅሁ። ከ15 ሴንቲሜትር ወደ 30 ወሰድኩት። ሸካራነት መጣ፣ ግን የድመት ምላስ ዓይነት ሸካራነት። ጠብታው አየር ላይ እያለ ቲነሩ ተንኖ ስለሚያልቅ ላሜራው ላይ ሲያርፍ አይቀልጥም፣ እንደ ዱቄት ይቀመጣል። የፋብሪካው ጉብታ ክብና ሰፊ ነው፤ ከአንዱ አናት እስከ ሌላው ጥቂት ሚሊሜትር ይሆናል፤ ጣት ሲያሳልፉበት ያንሸራትታል። ያ የሚገኘው ከርቀት ሳይሆን ከጠብታው መጠን ነው። ግፊቱን ትንሽ ቀንሶ፣ የሚወጣውን ቀለም መጠን የሚወስነውን የመርፌውን ቁልፍ ትንሽ ጨምሮ መክፈት፤ ጠብታው ይወፍራል፣ እርጥብ ሆኖ ያርፋል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ ይይዛል።

የኔ ልክ ይኸው። ለኮፈን 2.1 ባር፣ 15 ሴንቲሜትር፣ ዝግ ያለ እጅ። ለበር 1.8 ባር፣ መርፌው ሁለት ዙር ተኩል የተከፈተ፣ ማራገቢያው (የርጩን ስፋት የሚወስነው ቁልፍ) ሦስት አራተኛ የተከፈተ፣ ርቀቱ 17፣ እጁ ፈጠን ያለ። የመጀመሪያው የክሊር ቅብ መካከለኛ እርጥበት ይኖረዋል፤ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ልጣጩን የሚሠራው ሁለተኛው ቅብ ነው። ቁልፎቹ ላይ ምንም ምልክት ስለሌለ ከእህቴ በወሰድኩት ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌባቸዋለሁ። ከዚህ መርጫ ጋር አብሮ መሸጥ የነበረበት ያ የጥፍር ቀለም ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥር ግን የሚታመነው ከመርጫው እጀታ ሥር በተገጠመ መለኪያ፣ ያውም ቃታው ተስቦ አየሩ እየወጣ ሲነበብ ነው። ለወራት የኮምፕሬሰሩን መለኪያ እያየሁ ስለፋ ኖሬአለሁ። እዚያ 3 ባር ሲል በቀጭኑ ቱቦ ተጉዞ መርጫው ዘንድ የሚደርሰው 1.4 ነበር። ቱቦውን በ10 ሚሊሜትር ስቀይር ግማሹ ችግር በአንድ ቀን ለቀቀ። ከመርጫው ጋር በስጦታ የመጣው ትንሽ መለኪያም ከሌላው ጋር ሳስተያየው 0.4 ባር ይዋሻል። አሁን በር ማስደገፊያ ሆኖ ያገለግላል።

ሌላው ግማሽ አየሩ ነው። ይህ ዓይነት መርጫ በደቂቃ ከ350 ሊትር በላይ አየር ይጠጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ምት የሚያስገባው አየር ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ያንሳል። የእኔ ኮምፕሬሰር 50 ሊትር የአየር ጋን በሩን ሳልጨርስ ይደክም ነበርና ከመያዣው አጠገብ ለስላሳ፣ ከታች በኩል ሻካራ የሆነ በር ይወጣል። ቅንብሩን ሳልነካ! እጄን ስጠረጥር ከርሜ ጋኑን በ200 ሊትር ስቀይር እጄ ነጻ ወጣ። በበጋ ቀትር ላይ ደግሞ ቲነሩ ቶሎ ስለሚተን ልጣጩ ራሱ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ዘገምተኛ ቲነር እመርጣለሁ ወይም ጠዋት እቀባለሁ። ክረምት የሚያመጣው ጣጣ ውኃ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በየጠዋቱ ካላፈሰስኩ ክሊሩ ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል።

በየዕለቱ ከመቀባቴ በፊት ግድግዳ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። የአየር ቆቡን (አፍንጫው ላይ ያለውን ባለቀዳዳ ክዳን) አዙሬ ርጩ አግድም እንዲሰፋ አድርጌ ቀለሙ እስኪንጠባጠብ ቃታውን እይዛለሁ። ጠብታው ከዳር እስከ ዳር እኩል ከወረደ ልክ ነው። መሐሉ ላይ ከከበደ ግፊቱ አንሷል ወይም ቀለሙ ወፍሯል፤ ሁለቱ ጫፎች ከከበዱ ግፊቱ በዝቷል። ወረቀቱ ሳንቲም ነው፤ በር ግን የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ስለ ጥንካሬው ብዙ የምለው የለም። በአምስተኛው ወር የመርፌው ማሸጊያ ማንጠባጠብ ጀመረ፣ በጥቂት ብር ተቀየረ። የአየር ቆቡን ቀዳዳዎች በሽቦ እንዳትነኩ፤ በለስላሳ ብሩሽና በቲነር ብቻ። ክሊሩን ለማድረቅ የሚቀላቀለው ሃርድነር እንፋሎት ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጭንብል ሳታጠልቁ ቃታውን አትሳቡ፤ የጨርቅ ጭንብል ምንም አያግድም።

አንዳንድ ደላላ ይህን ሰምቶ «ገዢ እንዳይነቃ አርገህ ሥራልኝ» ይለኛል። እሠራለሁ፣ ግን ገዢው ከጠየቀኝ ይህ በር ተቀብቷል እላለሁ። ደግሞም የቀለም ውፍረት መለኪያ የያዘ ገዢ በልጣጭ አይታለልም፤ የፋብሪካው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ባለበት የኔ በር እጥፉን ያሳያል።

የማማርረው በአንድ ነገር ነው። አፍንጫውና መርፌው አሁን እየተበሉ ነው፣ ለብቻቸው ግን አይሸጡም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ያንኑ መርጫ፣ በሌላ ስም፣ ለሁለተኛ ጊዜ ገዛሁ። መርፌውን ሁለት ዙር ተኩል ከፍቼ ወረቀቱ ላይ ሞከርኩት፤ መሐሉ ከበደ። አሁን ሁለት ዙር ላይ ነኝ፤ ለእሱም ከእህቴ ሰማያዊ ቀለም ጠይቄአለሁ።