ስቶሬጅ ስፔስስ በ9ኛ ወሩ፦ ማስፋቱ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ችግሩ ኮለሙ ነው

አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 የተጫነበት ማሽን ከጥቅምት ጀምሮ የመላውን ቢሮ ፋይል ተሸክሟል። ሲተከል 4 ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች ነበሩት፤ አሁን 6 ናቸው። ሬይድ ካርድ የለውም። ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው ከ2012 እትም ወዲህ ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር የሚመጣው ስቶሬጅ ስፔስስ ነው፦ ዲስኮቹ ፑል ወደሚባል የጋራ ቋት ይገባሉ፣ ከፑሉ ላይ ቨርቹዋል ዲስክ ይቆረጣል፣ በእሱ ላይ ደግሞ ሠራተኛው እንደ ድራይቭ የሚያየው ፓርቲሽን ይቀመጣል።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ የሚባል የለም። ባለ 1 ጊጋቢት ኔትወርክ በሴኮንድ ከ110 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ሁለት ቅጂ የሚይዘው ሚረር ይህን በቀላሉ ይሞላዋል። ፓሪቲ (በሙሉ ቅጂ ፋንታ የጠፋውን በስሌት የሚመልሰው አሠራር) ቦታ ይቆጥባል፣ ሲጽፍ ግን ይጎተታል፤ ቀኑን ሙሉ ፋይል ሴቭ ለሚደረግበት ቢሮ አይመከርም።

ወሬው ያለው ማስፋቱ ላይ ነው። በ6ኛው ወር ቦታው ሊያልቅ ሲል ሁለት ዲስክ ተገዛና ፑሉ ውስጥ ገባ። ሰርቨር ማናጀር የሚባለው የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ መስኮት 7 ቴራባይት ከምናምን ነፃ ቦታ እያሳየ ቨርቹዋል ዲስኩን ግን አላሰፋም አለ፤ ምክንያቱ የቦታ እጥረት ነው ይላል። ስሌቱን ላላወቀ ሰው ማሽኑ የሚያሾፍ ነው የሚመስለው።

ነገሩ ኮለም የሚባለው ቁጥር ነው። ኮለም ቨርቹዋል ዲስኩ ዳታውን በስንት ዲስክ ላይ ጎን ለጎን እየከፋፈለ እንደሚጽፍ ይወስናል። በ4 ዲስክ ላይ ባለሁለት ቅጂ ሚረር በሰርቨር ማናጀር መስኮት ሲፈጠር፣ ሲስተሙ ማንንም ሳይጠይቅ ኮለሙን 2 ያደርገዋል። 2 ኮለም በ2 ቅጂ ሲባዛ 4 ነው፤ ስለዚህ ቨርቹዋል ዲስኩ ባደገ ቁጥር በአንድ ጊዜ 4 ዲስኮች ላይ ነፃ ቦታ ይፈልጋል። አሮጌዎቹ 4 ሞልተዋል፣ ባዶዎቹ 2 ብቻ ናቸው። የፑሉ ድምር ምንም ያህል ቢሆን አይረዳም።

ከ2016 እትም ጀምሮ ለዚህ መውጫ አለው፦ ኦፕቲማይዝ-ስቶሬጅፑል። (ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጽፈናቸዋል፤ ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚተየቡት።) ይህ ትዕዛዝ ዳታውን ከሞሉት ዲስኮች ወደ አዲሶቹ እያሸጋገረ ነፃውን ቦታ በ6ቱም ላይ ያከፋፍላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ 1.2 ቴራባይት ገደማ ክፍት ስለሚሆን ማስፋቱ ይሳካል። ጊዜ ግን ይበላል። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ የተጀመረው ሰኞ ጠዋት ነበር ያለቀው፤ የት እንደደረሰ በጌት-ስቶሬጅጆብ ይታያል። ፑሉ ከቀድሞ እትም የመጣ ከሆነ አስቀድሞ አፕዴት-ስቶሬጅፑል ያስፈልገዋል፤ አንዴ ካደገ ደግሞ በአሮጌው ሰርቨር ላይ ተመልሶ አይነበብም። ዲስኮቹ ኤስኤምአር የሚባለው ርካሽ ዓይነት ከሆኑ ሽግግሩ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን አጣሩ።

እዚህ ከተማ ዲስክ አራት አራት እየተደረገ አይገዛም። በጀቱ ቢፈቅድ እንኳ ተመሳሳዩን በአንድ ሱቅ አራት ማግኘት ዕድል ነው። ስለዚህ አዲስ ለሚጀምር ምክራችን አንድ ነው፦ ቨርቹዋል ዲስኩን በመስኮቱ ሳይሆን በፓወርሼል ፍጠሩ፤ ኒው-ቨርቹዋልዲስክ ላይ ነምበርኦፍኮለምስ 1 ብላችሁ ጻፉ። ያኔ ሁለት ዲስክ በተጨመረ ቁጥር ወዲያው ማስፋት ይቻላል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ግን ማነቆው ኔትወርኩ በሆነበት ቢሮ ማንም አይሰማውም። ያለውን ለማየት ጌት-ቨርቹዋልዲስክ ብሎ የኮለሙንና የቅጂውን ቁጥር ማውጣት ይበቃል። አንዴ የተፈጠረ ኮለም አይቀየርም፤ መፍትሔው ሌላ ቨርቹዋል ዲስክ ፈጥሮ ዳታውን መገልበጥ ብቻ ነው።

ራሱ የማስፋቱ ቅደም ተከተል አጭር ነው። አዲሶቹ ዲስኮች ፑል ውስጥ መግባት መቻላቸው በጌት-ፊዚካልዲስክ ካንፑል በሚለው ዓምድ ይታያል። ፎልስ ካለ ብዙ ጊዜ የቀድሞ ፓርቲሽን አለበት፣ አለዚያ ዲስኩ የሌላ ፑል አባል ነበር፤ የሚጸዳው ትክክለኛው ዲስክ መሆኑን በሲሪያል ቁጥሩ ሳታረጋግጡ እንዳትነኩት። ስላይትሊ ዩዝድ የተባለ ዲስክ ከሆነ ጌት-ስቶሬጅሪላያቢሊቲካውንተር ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል፤ ሻጩ «ሁለት ወር ብቻ» ካለና ቁጥሩ 30,000 ሰዓት ካለ ከ3 ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ አድ-ፊዚካልዲስክ፣ ቀጥሎ ኦፕቲማይዝ፣ ቀጥሎ ሪሳይዝ-ቨርቹዋልዲስክ። እዚህ ላይ ሳይዝ ብላችሁ የምትሰጡት የመጨረሻውን መጠን ነው እንጂ የሚጨመረውን አይደለም፦ 7 የነበረውን ወደ 10 ለማሳደግ የሚጻፈው 10 ቴራባይት ነው። ፓወርሼል በ1024 ስለሚቆጥር ካርቶኑ ላይ 4 የተባለው ዲስክ በእሱ ዘንድ 3.6 ገደማ መሆኑንም አስቡበት።

ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። ቨርቹዋል ዲስኩ አደገ ማለት ድራይቩ አደገ ማለት አይደለም፤ ፓርቲሽኑ ገና በድሮው ልኩ ነው፣ ሠራተኛውም «አሁንም ሞልቷል ይለኛል» ብሎ ይደውላል። ጌት-ፓርቲሽንሰፖርትድሳይዝ የሚፈቀደውን ትልቁን መጠን ይሰጣል፤ ያንን ቁጥር ለሪሳይዝ-ፓርቲሽን መስጠት ነው። አዲሱ ቦታ ካልታየ አፕዴት-ዲስክ ያድሰዋል። ይህ ክፍል ፋይሎቹ እንደተከፈቱ በሴኮንዶች ያልቃል፤ ማንንም ከሥራ አያስነሳም። ቨርቹዋል ዲስኩ በኤስኤስዲና በኤችዲዲ ደረጃ የተከፈለ ከሆነ ግን የሚሰፋው በሪሳይዝ-ስቶሬጅቲር ነው።

ሁለት ግድግዳዎች አሉ፣ ሁለቱም ፎርማት በተደረገበት ቀን የሚሠሩ። የዲስኩ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ኤምቢአር የሚባለው የድሮው ዓይነት ከሆነ ከ2 ቴራባይት አያልፍም፤ ጂፒቲ መሆን አለበት። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ደግሞ በተለመደው ባለ 4 ኪሎባይት ክላስተር (ለፋይል የሚሰጠው ትንሹ የቦታ ክፍል) ከ16 ቴራባይት በላይ አይሰፋም፤ የክላስተሩ ቁጥር አለቀ ብሎ ያቆማል። እኛ አሁን 10 ቴራባይት ላይ ነን፤ 10 ዲስክ ስንደርስ ግድግዳው ፊታችን ነው። መጀመሪያ 64 ኪሎባይት መርጠን ቢሆን ጣሪያው 256 ቴራባይት ይሆን ነበር። የኤንቲኤፍኤስ ፋይል መጭመቂያ ከ4 ኪሎባይት በላይ አይሠራም፣ ለአንድ ቢሮ ግን ይህ ኪሳራ አይባልም።

ማሳነስ የሚባል ነገር የለም። ቨርቹዋል ዲስክ አንዴ ካደገ አይመለስም፤ ስለዚህ ነፃውን ሁሉ ጠራርጎ መስጠት ስህተት ነው። ቢያንስ የአንድ ዲስክ ያህል ባዶ ይተው፦ አንዱ ዲስክ ሲሞት ጥገናው የሚሠራው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ቲን የሚባለው አሠራር ከፑሉ በላይ መጠን እንድትጽፉ ስለሚፈቅድ ያማልላል፤ ማስጠንቀቂያው 70 በመቶ ላይ ይመጣል፣ የሚያየው ከሌለና ፑሉ ከሞላ ግን ድራይቩ እንዳለ ከመስመር ይወጣል። የሚከታተል ሰው በሌለበት ቢሮ ሙሉ ቦታውን ገና ሲፈጠር የሚይዘው ፊክስድ ይሻላል።

መብራት ሌላው ጣጣ ነው። ፓሪቲን ለማፍጠን ኢዝፓወርፕሮቴክትድ የሚለውን ትሩ አድርጉ የሚል ምክር በየቦታው ይገኛል። ይህ ለሲስተሙ «መብራት አይጠፋም» ብሎ መማል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ማን ይምላል? ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ኬብል ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ ባትሪው ሳያልቅ ማሽኑን ራሱ የሚዘጋው ካልሆነ አትንኩት። ኦፕቲማይዝ ከመጀመሩ በፊትም ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ በሰዓት ለኩ፤ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ካልደረሰ መጀመሪያ የሚገዛው ባትሪ ነው። ከተቋረጠም ትዕዛዙን ደግሞ ማስነሳት ነው። ባክአፑ ደግሞ ሌላ ማሽን ላይ ይሁን፤ ሚረር ባክአፕ አይደለም።

የዚህ ማሽን የዲስክ መያዣ የተበላሸውን ዲስክ በመብራት አያመለክትም። ስለዚህ እያንዳንዱ መያዣ ፊት ላይ የሲሪያሉ የመጨረሻ 4 ፊደላት በነጭ ፕላስተር ተለጥፈዋል። ዲስክ ሲሞት ፓወርሼል የሚሰጠው ሲሪያል ነው፤ ያለ ፕላስተሩ ግን 6ቱንም አንድ በአንድ እያወጡ ማየት ነበር፣ ያውም ጤነኛውን ነቅሎ ሁለተኛውን ቅጂ ለማጣት አንድ ስህተት ብቻ በሚበቃበት ሰዓት።