ቩልኬን ክሪኬት ከወራት በኋላ

ጠዋት የሚቀሰቅሰው ሰዓት የፈለገ ሰው ይህን ባለ ደወል የእጅ ሰዓት አይግዛ። ለዚያ ስልኩ ይበቃዋል። ክሪኬት የሚጠቅመው ቀን ላይ ነው፤ ወጥ ጥዳችሁ፣ ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ስልካችሁን ማየት በማትፈልጉበት ሰዓት።

የኔው የእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ነው፤ በእጅ የሚሞላ። መሙያውን ወደ አንድ በኩል ስታዞሩት ሰዓቱ፣ ወደ ሌላው ስታዞሩት ደወሉ ይሞላል። ስፕሪንጎቹ ሁለት ስለሆኑ ደወሉ ጮኾ ሲያልቅ ሰዓቱ አይደክምም። አራተኛዋ ዘንግ የደወሉ ናት። ሰዓቱ ሲደርስ ለ20 ሰከንድ ገደማ ይንጫጫል፤ ከጎን ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ዝም ይላል። ዘንጓ ግን የምታውቀው 12 ሰዓት ብቻ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሆናችሁ ለማታ 3 ብትሞሉት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጮኽላችኋል። ደቂቃውንም ቢሆን በግምት ነው የምትይዙት።

ነገሩ ሁሉ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ክዳኑ ድርብ ነው። ትንሽ መዶሻ የውስጠኛውን ስስ ብረት ታንቀጠቅጠዋለች፤ የውጪው ቀዳዳ ስላለው ድምፁን ያሳልፋል። ክንድ ላይ ትንሽ ይታፈናል። እንጨት ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ግን ጎረቤት ይሰማል!

ሰሪውን ድርጅት ቩልኬንን የዲቲሻይም ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1858 በስዊዘርላንዷ ላ ሾ ደ ፎን ከተማ ነው የጀመረው። ክሪኬት በ1947 ሲወጣ መሪው ሮበርት ዲቲሻይም ነበር። ጭንቀቱ ያን በሚያህል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሰው የሚያነቃ ድምፅ ከየት ይምጣ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዤቨን፣ ሳር ውስጥ የምትጮኸው ትንሿ ነፍሳት ከሩቅ ከተሰማች ሰዓትም ይችላል ብሎ አበረታታው ይባላል። ክሪኬት የሚለው ስምም በእንግሊዝኛ የሷው ነው።

በ1953 የዋይት ሀውስ ፎቶ አንሺዎች ለተሰናባቹ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትሩማን አንድ ሰጡት። ተተኪው አይዘንሃወርም ነበረው፤ ጋዜጣዊ መግለጫ መሀል ጮኸበት ይላሉ። እኔም ለቅሶ ቤት ስሄድ ደወሉን አልሞላውም።

ከዚያ በባትሪ የሚሠሩት የኳርትዝ ሰዓቶች ዘመን መጣና ስሙ ደበዘዘ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ተነሳ፤ አዲሱ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ለኔ አሮጌው ይሻላል።

ጣጣው ጥገና ነው። መጀመሪያ የወሰድኩለት ሰዓት ሰሪ ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። ሁለተኛው ፈታትቶ አጥቦ ዘይት ቀባው፤ ከዚያ ወዲህ ደህና ይሄዳል። እቃ ሳጥብ አወልቀዋለሁ፤ ውኃ ጠላቱ ነው።

ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ሞልታችሁ አስጩኹት። ገልብጣችሁም እዩት። ቀዳዳ ያለው ክዳን በሌላ ተተክቶ ከሆነ ተዉት።