በሱረቱ ቦታ፦ የኒኮቲን ማስቲካን ሦስት ወር ተጠቅሜ ያየሁት

ሲጋራ 17 ዓመት አጨስኩ። ሱረት፣ ማለትም በአፍ የሚያዝ ትምባሆ፣ 9 ዓመት በከንፈሬ ያዝኩ። ሁለቱንም ከተውኩ ሰባት ወር ሆነኝ። የተውኩት በኒኮቲን ማስቲካ ነው፤ ኒኮቲን ትምባሆ ውስጥ ያለው ሱስ የሚያስይዘው ነገር ነው። ልጀምር ስል ስለ ማስቲካው በአማርኛ የጻፈ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ያየሁትን እኔው ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ምን ዓይነት ሱሰኛ እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ ማስቲካው ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራምና። ባሕር ዳር አባይ ማዶ ትንሽ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለችኝ። ከዚያ በፊት የመተማ መስመር ሾፌር ነበርኩ፤ በአይሱዙ ሰሊጥ እጭናለሁ። ሲጋራውን የጀመርኩት በ19 ዓመቴ፣ ረዳት እያለሁ ነው። እንቅልፍ ያባርራል ተብዬ አንድ ፍሬ ተሰጠኝ። ዓመት ሳይሞላ በቀን አንድ ፓኮ ገባሁ። ዓይኔን ከገለጥኩ ፊቴን ሳልታጠብ ነበር የምለኩሰው።

ሱረቱ የመጣው በኋላ ነው። መተማ ዮሐንስ ጭነት ስንጠብቅ ከገላባት የሚሻገሩ የሱዳን ሾፌሮች አብረውን ይውላሉ። እነሱ ቱምባክ ይሉታል። እርጥብ፣ ቡናማ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰረስር ነገር ነው። በጣታቸው ድብልብል ያደርጉትና በታችኛው ከንፈር ውስጥ ይወሽቁታል። ጭስ የለው፣ እሳት የለው። ሲጋራ በማይለኮስበት ቦታ ሁሉ ይያዛል። እኔም ያዝኩ። ሲጋራ ይቀንስልኛል ብዬ ነበር፤ ሁለቱም አብረው ቀሩ።

ባለፈው ክረምት ጥርሴን ላስነቅል ሄድኩ። ሐኪሟ ከንፈሬን ገለበጠችና ዝም አለች። ከዚያ መስታወት ሰጠችኝ። ሱረቱን የማኖርበት ቦታ፣ ከታች በግራ በኩል፣ የፈላ ወተት ላይ እንደሚጋገር ስልባቦት ነጥቶና ተሸብሽቦ አየሁት። «ይሄ ካንሰር ነው አላልኩህም» አለችኝ። «ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ብትተወው ደግሞ ሊጠፋ ይችላል።» ወደ ቤት በባጃጅ ስመለስ ምላሴ እዚያው ቦታ ላይ ነበር፤ ሌላ ቦታ አላሳርፍ አለኝ።

በወኔ ብቻ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛው ቀን ላይ ነው የተሸነፍኩት። ሐራራው የሚጠናውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ፣ ደንበኛ የጠየቀኝን ዕቃ መደርደሪያው ፊት ቆሜ እረሳዋለሁ።

ማስቲካውን ያመጣችልኝ ካናዳ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ናት። ለመስቀል ስትመጣ አምስት ካርቶን ይዛ መጣች። እያንዳንዱ ካርቶን 105 ፍሬ አለው። አራቱ በየፍሬው 4 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለው፣ አንዱ ባለ 2 ሚሊግራም ነው። በነቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በ4 ይጀምራል፤ ከዚያ ዘግይቶ የሚያጨስ 2 ይበቃዋል። እኔ የትኛው ጋ እንደምመደብ ግልጽ ነው።

ጥቅምት 12 ጀመርኩ። ጅማሬው አላማረም። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ቡና አዘዝኩ፤ አንድ ማስቲካ ወረወርኩና እንደ ልጆች ማስቲካ አላመጥኩት። ሐራራው ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛ ጨመርኩ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ጨጓራዬ ተነሣ፣ ከዚያ ስርቅታ ያዘኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ስርቅ ስል ዋልኩ። ማታ ለባለቤቴ «ይሄ ነገር አይሠራም» አልኳት።

የሚሠራ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ደንበኛዬ የሆነ ፋርማሲስት ለቪትዙ ፍሬን ሸራ ሊገዛ መጣ። መካኒኩ ሲቀይርለት እኔ ካርቶኑን አሳየሁት። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ወረቀት አንብቦ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ስሙ ነው እንጂ ማስቲካ አይደለም። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍህ ቆዳ በኩል ነው። ከዋጥከው ሆድህን ያቃጥልሃል እንጂ ሱስህ ጋ አይደርስም።» ከዚያ አንዱን ፍሬ አስወጥቶ አሳየኝ።

እንዲህ ነው። ማስቲካውን ቀስ አድርጋችሁ ታላምጣላችሁ። መጀመሪያ ደረቅ ነው፣ እንደ ሻማ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ስታላምጡት ይለሰልስና ምላሳችሁ ጠርዝ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ የሚል ነገር ይመጣል። ያኔ ወዲያው ማላመጥ ታቆማላችሁ። በጉንጭና በድድ መካከል ታስቀምጡታላችሁ። ምራቁን ቶሎ ቶሎ አትውጡ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ቁንጥጫው ሲጠፋ ሁለት ሦስቴ ታላምጡና በሌላኛው ጉንጭ ታኖሩታላችሁ። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ነው፤ ከዚያ አልቋል፣ ይጣላል።

እንደነገረኝ አደረግሁ። ቁንጥጫው ሲመጣ ማስቲካውን ወደ ግራ፣ ከታች፣ ሱረቱ ወደሚቀመጥበት ገፋሁት። የቦታው ነገር ገረመኝ። ከንፈሬ ራሱ አወቀው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻዬ ሲወርድ፣ ትንፋሼ ሲረጋ ተሰማኝ። ሱረት የያዘ ሰው ይሄን ማስቲካ ከሲጋራ አጫሽ ቀድሞ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። አጫሽ የሚያውቀው መሳብ ነው። ሱረት የያዘ ግን አፍ ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅን ለምዷል። የነጣውን ያንን ቦታ ግን ቶሎ ተውኩት፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የላይኛውን ጉንጭ ነው የተጠቀምኩት።

ቡናውም ነገር ተፈታልኝ። ቡና፣ ለስላሳ፣ የብርቱካን ጭማቂ አሲድ አላቸው። አፍ አሲድ ሲሆን ኒኮቲን በአፍ ቆዳ በደንብ አያልፍም። ስለዚህ ከማስቲካው 15 ደቂቃ በፊትም፣ አፋችሁ ውስጥ እያለም ከውሃ በቀር ምንም አይጠጣም። የሚገርመው፣ ሱዳኖቹ ቱምባኩን ሲሠሩ አትሩን የሚባል የሶዳ ዓይነት የሚጨምሩበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሶዳው አሲዱን ገልብጦ ኒኮቲኑን ባንዴ ይለቀዋል። ለዚያ ነው ሱረት እንዲያ የሚመታው። ማስቲካው ደግሞ በዝግታ ነው የሚሰጣችሁ። የመጀመሪያ ቀን ሲጋራ የሚሰጠውን ያህል የጠበቀ ሰው ይከፋዋል። ሐራራውን አያጠፋውም፤ የምትችሉት ያህል ያደርገዋል።

ማስቲካው ከየት እንደመጣም አነበብኩ፤ ለእኔ ቢጤ ደስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ስዊድን ውስጥ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ማጨስ የማይችሉ መርከበኞች በጭሱ ፋንታ በአፍ የሚያዝ ትምባሆ እንደሚጠቀሙ ያዩ ሰዎች ለኦቨ ፈርኖ ጻፉለት። ፈርኖ ኬሚስት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ማስቲካውን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ስዊዘርላንድ ፈቀደችው። የሐሳቡ ምንጭ የሱረት ዘመድ ነው ማለት ነው።

አሁን ስለ ቡና አንድ የግድ ልነግራችሁ የሚገባ ነገር አለ። የሲጋራ ጭስ ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ጭሱ ሲቆም ያው የለመዳችሁት ቡና ሰውነታችሁ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ይሄን ሳላውቅ በሁለተኛው ሳምንት እሑድ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። የዘጌ ቡና ተቆልቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጣሁ። ሌሊቱን ልቤ እየደለቀ ጣሪያ ሳይ አደርኩ። ሱሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቡናው ነው። ከዚያ ወዲህ አቦልን ብቻ ነው የምጠጣው። እናቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። ስነግራት ግን «በረካውን እኔ እጠጣልሃለሁ ልጄ» አለች። ብዙ ሰው «ማቆሙ ረበሸኝ፣ እንቅልፍ ነሣኝ» ብሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። መጀመሪያ ስኒውን ይቀንስ።

የነቢያት ጾም ሲገባ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ማስቲካው ይጣፍጣል። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «መድኃኒት ከሆነ ውሰደው፤ ያኛውን መተውህ ነው የሚበልጠው» አሉኝ። ጉዳዩ በዚያው አለቀ።

ማስቲካው የማይደርስበት ነገር እጅ ነው። አፌ ቢረካም እጄ ሥራ ፈታ። ደረት ኪሴን በቀን ሃያ ጊዜ እዳስሳለሁ። ለዚህ ሱፍ ቆሎ ገዛሁ፤ አንድ በአንድ መፈልፈሉ ጣቴን ያዘልኝ። ማታ ማታ ሱቅ ዘግቼ ወደ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። የደንገል ታንኳ የሚያስሩት ሰዎች አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ከጓደኞቼ ጋር እያጨስኩ የምቀመጥባት አንዲት ቤት ነበረች፤ አሁን አልሄድም። በሕግ ከሄድን ማንም እዚያ ውስጥ ማጨስ አይችልም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሆቴልና ምግብ ቤትን ጨምሮ ማንኛውም ዝግ የሕዝብ ቦታ ውስጥ ማጨስ ከልክሏል፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም እንዲሁ። ግን ጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ እየተቀመጠ አዋጅ ምን ያደርጋል። ጭስ የሌለባቸው የዓሣ ቤቶች አሉ፤ እዚያ ቀረሶ ጥብስ እየበላሁ ከጓደኞቼ ጋር የምገናኝበትን መንገድ ፈጠርኩ። መጥተዋል። ሁለቱ አልመጡም፤ እሱም ይሁን።

ጉድለቱን ልናገር። አንደኛው ዋጋው ነው። ደረሰኙ ላይ ያየሁት ለአንድ ካርቶን ከ40 የካናዳ ዶላር በላይ ነው፤ ለሙሉው ጊዜ አምስት ካርቶን አስፈልጎኛል። ዘመድ ባይኖረኝ አልችለውም ነበር። የከፋው ደግሞ ገንዘቡ ቢኖርም አለመገኘቱ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር አራት ፋርማሲ ዞሬ ጠይቄ አጣሁ። አንዱ ጋ «የትኩሳት ማስቲካ ነው?» ተባልኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ነገር ነው። ሲጋራ በየሱቁ በር ላይ በፍሬ እየተሸጠ መተውያው ግን በሻንጣ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ያናድደኛል። በጣም ያናድደኛል።

ሌላው መንጋጋ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ጆሮዬ ሥር ድረስ አመመኝ፤ አብዝቶ ከማላመጥ ነው፣ ሲታረም ተወኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላለው ሰው ይጣበቃል ብሎኛል ፋርማሲስቱ፤ ለእንደዚያ ያለ ሰው በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር ይሻለዋል። የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሳትጠይቅ አትጀምር። ልጅ እንዳያገኘውም ተጠንቀቁ፤ የእኔ ትንሹ ልጅ ካርቶኑን ካየ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ቆልፌበታለሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያ ስድስት ሳምንት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አንድ። ቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት በየሁለት እስከ አራት ሰዓት። የመጨረሻዎቹ ሦስት በየአራት እስከ ስምንት። በአሜሪካው መመሪያ በቀን ከ24 ፍሬ አይታለፍም። እኔ አሥራ ሁለት ደርሼ አውቃለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ሐራራው ሲመጣ ከመውሰድ ሰዓት ጠብቆ መውሰድ ይሻላል። በስልኬ ላይ ደወል ሞልቼ ነበር። ሳይደውል የወሰድኩባቸው ቀናት ናቸው የከበዱኝ። አራተኛው ሳምንት ላይ ለቅሶ ቤት አንድ ሲጋራ አጭሻለሁ፤ ተለኩሶ ተሰጠኝ፣ ተቀበልኩ። በማግስቱ ደወሉን ተከትዬ ቀጠልኩ። እሱን ብዬ ሁሉንም አልተውኩትም።

ሱረት ለያዛችሁ፣ በተለይ ሁለቱንም ለምትወስዱ፣ ካገኛችሁት ሞክሩት እላለሁ። በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ለምታጨሱ ግን ይሄን ሁሉ ወጪ አትፈልጉትም ይመስለኛል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ ጥርስ ሐኪሟ ተመለስኩ። ከንፈሬን ገልብጣ ረጅም ጊዜ አየች። መብራቱን አስጠግታ እንደገና አየች። ከዚያ እንደበፊቱ መስታወቱን ሰጠችኝ። ቦታው ሮዝ ነው፤ ከጎኑ መለየት አቃተኝ። ለማንኛውም በየስድስት ወሩ ና ባይ ናት፤ እሄዳለሁ።

ማስቲካውን አሥራ ሁለቱ ሳምንት ካለቀ በኋላም ትንሽ ቀጠልኩበት። የመጨረሻውን የወሰድኩት በከተራ ማታ ነው። የተረፈው ባለ 2 ሚሊግራሙ ደረት ኪሴ ውስጥ፣ ፓኮው በነበረበት፣ አሁንም አለ። ባለፈው ቅዳሜ ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ፍሬ ነው። በጥምቀት ጠዋት ስቆጥረውም አሥራ አንድ ነበር።